የዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ አባላት አመራረጥ (በሕክምና ሙያ ማኅበራት)

ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ በአንድ ማኅበር ውስጥ ለአመራር ቦታ የሚሆኑ ሰዎችን ፈልጎና አጣርቶ ለመራጩ አካል የሚያቀርብ ቡድን ነው። በሕክምና ሙያ ማኅበራት ኮሚቴው አብዛኛውን ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት፣ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት፣ ለጸሐፊነት፣ ለገንዘብ ያዥነትና ለሥራ አመራር ቦርድ አባልነት የሚወዳደሩ ሐኪሞችን ያጫል። ድምፅ የሚሰጠው ጠቅላላ ጉባኤው ወይም መላው አባል ነው። ይሁንና መራጩ በአብዛኛው የሚመርጠው ከቀረበለት ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ፣ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ጥቂት ሰዎች በምርጫው ውጤት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ከአንድ ተራ መራጭ እጅግ ይበልጣል። ስሙ ከዝርዝሩ ያልገባ ሐኪም የቱንም ያህል ብቁ ቢሆን በድምፅ መስጫው ቀን አይታሰብም። ስለዚህ የኮሚቴው አባላት እነማን ይሁኑ፣ ማን ይሰይማቸው፣ ከምንስ ይታቀቡ የሚለው ጉዳይ በማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ራሱን የቻለ ስፍራ ተሰጥቶታል።

ከአስመራጭ ኮሚቴ ያለው ልዩነት

በአማርኛ ሁለቱ ስያሜዎች ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። አስመራጭ ኮሚቴ የምርጫውን ሥርዓት የሚመራ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ያረጋግጣል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ያድላል፣ ድምፅ ይቆጥራል፣ ውጤቱን ያስታውቃል። ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ ግን ሥራውን የሚጀምረው ከምርጫው ከወራት በፊት ሲሆን፣ የሚያበቃውም የዕጩዎቹን ዝርዝር ሲያስረክብ ነው። የመጀመሪያው የሚጠየቀው ቆጠራው ትክክል ስለመሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚጠየቀው ደግሞ ለምን እነዚህ ሰዎች እንደታጩና ሌሎቹ እንዳልታጩ ነው።

በኢትዮጵያ በበርካታ ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኞች ስብሰባዎች የተለመደው አሠራር ሁለቱን ተግባራት አንድ ላይ ያጣምራል። በስብሰባው ዕለት ሦስት ወይም አምስት ሰዎች በአስመራጭነት ይሰየማሉ፤ እነርሱም ከተሰብሳቢው ጥቆማ ይቀበላሉ፣ ለእያንዳንዱ ጥቆማ ድጋፍ መኖሩን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ድምፅ ያሰጣሉ። ዘዴው ቀላልና ግልጽ ነው። ሆኖም ስለ ተጠቋሚው ለማጣራት ጊዜ አይሰጥም፤ በአዳራሹ ያልተገኘ አባልም የመጠቆም ዕድሉ አነስተኛ ነው። ራሱን የቻለ ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ የሚቋቋመው በዋነኛነት እነዚህን ሁለት ክፍተቶች ለመሙላት ነው።

በሕክምና ማኅበራት ዘንድ ያለው ክብደት

የሕክምና ሙያ ማኅበር አመራር የአባላቱን ጥቅም ከማስጠበቅ ያለፈ ሥራ አለው። ማኅበራት የሕክምና መመሪያዎችን ያዘጋጃሉ፣ የምርምር መጽሔቶችን ያሳትማሉ፣ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይሰጣሉ፣ በሥነ ምግባር ጉዳዮች ላይ አቋም ይይዛሉ፣ መንግሥትንም ያማክራሉ። አመራሩ የሚወስነው ነገር ማኅበሩን ጨርሶ የማያውቅ ታካሚ ዘንድ ይደርሳል። በዓመታዊ ጉባኤዎችና ሥልጠናዎች ላይ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ኩባንያዎች ድጋፍ የተለመደ በመሆኑ ደግሞ፣ ማን በአመራር ላይ ተቀመጠ የሚለው ለኩባንያዎቹም የገንዘብ ትርጉም አለው።

በሙያው ውስጥ ያለው የደረጃ ልዩነትም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ሬዚደንት ሐኪም በመምህሩ ይገመገማል፤ ጠቅላላ ሐኪም ወደ ስፔሻሊቲ ትምህርት ለመግባት የኃላፊዎቹን ድጋፍ ይፈልጋል። ስለዚህ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ብቻ በተቀመጡበት ኮሚቴ ፊት አንድ ወጣት ሐኪም ስለ አንድ ታዋቂ ፕሮፌሰር ያለውን ቅሬታ በግልጽ ይናገራል ተብሎ አይጠበቅም። የኮሚቴው ስብጥር ኮሚቴው የሚሰማውን መረጃ ዓይነት አስቀድሞ ይወስናል።

ታሪካዊ መነሻ

ዘመናዊ የሐኪሞች ማኅበራት በብዛት የተቋቋሙት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። የብሪታንያ ሕክምና ማኅበር መነሻ የሆነው ማኅበር በ1832 እ.ኤ.አ. በቻርልስ ሄስቲንግስ መሪነት በዉስተር ከተማ ተመሠረተ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ደግሞ በ1847 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ተቋቋመ። ማኅበራቱ በጀመሩበት ዘመን ወደ አመራር የሚወጡት በሙያው ዝና ያተረፉ፣ እርስ በርሳቸውም የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

ለረጅም ጊዜ መገለሉ የሚጀምረው ከአባልነት በር ነበር። ኤልዛቤት ጋሬት አንደርሰን በ1873 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ሕክምና ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ ማኅበሩ ሌሎች ሴት ሐኪሞች እንዳይገቡ በ1878 ወሰነ፤ ክልከላው የተነሣው በ1892 ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በማኅበሩ ውስጥ የነበረችው ብቸኛ ሴት እርሷ ነበረች። በአሜሪካ በርካታ የአካባቢ የሐኪሞች ማኅበራት ጥቁር ሐኪሞችን አይቀበሉም ነበር፤ ጥቁር ሐኪሞችም በ1895 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ብሔራዊ ሕክምና ማኅበር የተሰኘውን የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ላለፈው አድልዎ በ2008 እ.ኤ.አ. በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

የአባልነት በር ከተከፈተ በኋላም የአመራር በር ቶሎ አልተከፈተም። በ1847 የተቋቋመው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የመጀመሪያውን ጥቁር ፕሬዚዳንት ሎኒ ብሪስቶን ያገኘው በ1995፣ የመጀመሪያዋን ሴት ፕሬዚዳንት ናንሲ ዲኪን ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በአባልነት መዝገብና በአመራር ዝርዝር መካከል እንዲህ ያለ የዘመናት ርቀት መኖሩ፣ ዕጩዎችን የሚለዩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ መጠየቅን አስፈላጊ አድርጎታል።

ኮሚቴውን የመሰየም ሥልጣን

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ በስብሰባ ሥርዓት ላይ በስፋት የሚጠቀሰው መመሪያ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ማርቲን ሮበርት በ1876 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው የስብሰባ ሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የታደሰው ይህ መመሪያ ፕሬዚዳንቱ የዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ አባላትን እንዳይሰይም፣ እርሱም በአባልነት እንዳይቀመጥ ይመክራል። ፕሬዚዳንቱ ሌሎች ኮሚቴዎችን ሁሉ የመሰየም ሥልጣን ባለበት ማኅበር እንኳ ይህኛው ተለይቶ እንዲወጣ ይደረጋል። ምክንያቱም ተሰናባቹ መሪ ተተኪውን በእጅ አዙር እንዳይመርጥ ነው።

ስለዚህ የሚቀሩት ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ የኮሚቴው አባላት በጠቅላላ ጉባኤው በቀጥታ መመረጣቸው ነው። ይህ የተሻለ ተቀባይነት ያስገኛል፤ ነገር ግን የኮሚቴው ምርጫ ራሱ የዋናው ምርጫ ቅድመ ውድድር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ የሥራ አመራር ቦርዱ መሰየሙ ነው። ይህ ፈጣን ነው፤ ግን በሥልጣን ላይ ያሉት የራሳቸውን ሰዎች እንዲያስቀምጡ በር ይከፍታል። አደጋውን ለመቀነስ ቦርዱ የሰየማቸው አባላት በጉባኤው እንዲጸድቁ ይደረጋል፤ ወይም ቦርዱ ከጠቅላላው ቁጥር ከግማሽ በታች ብቻ እንዲሰይም ይወሰናል።

ሦስተኛው፣ ቅርንጫፎች ወይም ክፍሎች ወኪሎቻቸውን መላካቸው ነው። ይህ ሰፊ አገርን ለሚሸፍን ማኅበር የሚስማማ ነው፤ ድክመቱ ወኪሉ ለመላው ማኅበር ከማሰብ ይልቅ የላከውን ቅርንጫፍ ሰው ለማሳጨት ሊደክም መቻሉ ነው።

የአባላት መመዘኛዎች

ጥሩ ዕጩ መሆንና ጥሩ ዕጩ አቅራቢ መሆን የተለያዩ ናቸው። ታዋቂ ተመራማሪ ወይም የተመሰገነ ቀዶ ሐኪም የግድ ሰውን መዛኝ አይሆንም። ለኮሚቴ አባልነት በተለምዶ የሚታዩት መመዘኛዎች የሚከተሉት ናቸው።

ከውድድሩ ውጪ መሆን። አባሉ በዚያ ዙር ለየትኛውም ቦታ የመወዳደር ሐሳብ የሌለው መሆን አለበት። የቅርብ ዘመዱ፣ የሥራ ሸሪኩ ወይም በቀጥታ የሚያዝዘው አለቃው ዕጩ ሊሆን የሚችል ከሆነም ይህን አስቀድሞ ማስታወቅ ይጠበቅበታል።

ሰፊ ትውውቅ። ኮሚቴው ያላወቀውን ሰው ሊያጭ አይችልም። ስለዚህ በአንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ብቻ የኖረ አንጋፋ ሐኪም፣ በቅርንጫፍ ሥራ፣ በሥልጠናና በጉባኤ ዝግጅት ብዙ አባላትን ካወቀ መካከለኛ የሥራ ዘመን ያለው ሐኪም ያነሰ ሊጠቅም ይችላል።

ማኅበሩን ከውስጥ ማወቅ። የጸሐፊነት ሥራ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ፣ ገንዘብ ያዡ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚፈርም፣ ቦርዱ በየትኛው ጉዳይ ላይ እንደተቸገረ የማያውቅ ሰው ለቦታው የሚሆነውን መለየት ይቸግረዋል። በአንዳንድ ማኅበራት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች በኮሚቴው የሚካተቱት ለዚህ ነው። ቁጥራቸው ከበዛ ግን ኮሚቴው ያለፈውን ዘመን አመራር እንደገና ይደግማል።

ምሥጢር ጠባቂነት። ያልታጨ ሰው ስም ከስብሰባው ከወጣ ሁለት ጉዳት ያስከትላል፤ ግለሰቡ በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ያፍራል፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሌሎች ለመጠቆም ፈቃደኛ አይሆኑም። ሐኪም በሙያው የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ የለመደ ቢሆንም፣ ስለ ሥራ ባልደረባ የሚነገር ወሬ በተለየ ፍጥነት ይዛመታል።

ወሬን ከማስረጃ መለየት። ስለ ዕጩዎች የሚሰማው ነገር ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። አንድ ሐኪም የሙያ ፈቃዱ የጸና መሆኑን፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ ያለበት መሆን አለመሆኑን ከሚመለከተው ፈቃድ ሰጪ አካል ማረጋገጥ ይቻላል። በሻይ ሰዓት የተሰማ ሐሜት ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ያልተጣራ ክስን ተቀብሎ ሰውን ከዝርዝር ማስወጣት፣ የተረጋገጠን ጥፋት በይሉኝታ ከማለፍ ያላነሰ ስሕተት ነው።

ጊዜና ትጋት። ሥራው በብዛት ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው፤ ማመልከቻ ማንበብን፣ ሰዎችን ማነጋገርንና ተደጋጋሚ ስብሰባን ይጠይቃል። ስሙ ለክብር የገባ፣ ግን ስብሰባ የማይመጣ አባል ውሳኔውን ለቀሩት ሁለትና ሦስት ሰዎች ይተዋል።

ስብጥር

እያንዳንዱ አባል ብቁ ቢሆንም ኮሚቴው በጠቅላላው የተዛባ ሊሆን ይችላል። አንድ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁሞ አምስቱ ከአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ቢሆኑ፣ ማንም በክፋት ባይነሣ እንኳ የሚታወሱት ስሞች ከዚያው ሆስፒታል ይሆናሉ። ሰው የሚያጨው የሚያውቀውን ነው፤ የሚያውቀውም አብሮት የሚሠራውን ነው።

ስለዚህ ስብጥሩ ሲታይ የሚከተሉት ነጥቦች ግምት ውስጥ ይገባሉ፦ የሥራ ቦታ (የማስተማሪያ፣ የመንግሥት፣ የግልና የገጠር ሆስፒታል)፣ የሥራ ዘመን (ሬዚደንት፣ ወጣት ስፔሻሊስትና አንጋፋ)፣ የሙያ ዘርፍ፣ ጾታና መልክዓ ምድር። ቁጥሩ ድምፅ እኩል እንዳይከፈል አብዛኛውን ጊዜ ጎዶሎ ይደረጋል። አንድ ሰው ብቻ የወጣቶች ወይም የሴቶች ወኪል ሆኖ ከተቀመጠ ድምፁ በቀላሉ ስለሚዋጥ፣ ከአንድ በላይ ማስገባት ይመከራል።

የአገልግሎት ዘመን ገደብም የስብጥር አካል ነው። አባላቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተቀየሩ ልምድ ይጠፋል፤ ጨርሶ ካልተቀየሩ ደግሞ ኮሚቴው የተዘጋ ክበብ ይሆናል። በየዓመቱ ከፊሉ እንዲወጣና ከፊሉ እንዲቀጥል ማድረግ ሁለቱን ያስታርቃል።

የጥቅም ግጭት

በሕክምና ማኅበራት የጥቅም ግጭት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ግላዊ ነው፦ ዝምድና፣ የመምህርና የተማሪ ትስስር፣ በአንድ የግል ክሊኒክ አክሲዮን መጋራት፣ ወይም የቆየ ጠብ። ሁለተኛው ከኢንዱስትሪ ጋር የሚያያዝ ነው፦ ከመድኃኒት ኩባንያ የሚከፈል የአማካሪነት፣ የንግግር ወይም የጉዞ ወጪ።

ሁለተኛውን ለመቆጣጠር በአሜሪካ ሁለት እርምጃዎች ተወስደዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤና ሕግ አካል የሆነ ድንጋጌ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ለሐኪሞች የሚከፍሉትን ገንዘብ እንዲያስታውቁ አስገደደ፤ መረጃው ከ2014 ጀምሮ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይወጣል። በዚያው በ2010 የስፔሻሊቲ ማኅበራት ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ደግሞ፣ ደንቡን የተቀበለ ማኅበር ፕሬዚዳንት፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚና የመጽሔት ዋና አዘጋጅ በአገልግሎት ዘመናቸው ከኩባንያዎች ጋር ቀጥተኛ የገንዘብ ግንኙነት እንዳይኖራቸው ይጠይቃል። ስለዚህ የኩባንያ ግንኙነትን አስቀድሞ ያላጣራ ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ፣ ከተመረጠ በኋላ ሥራውን ሊይዝ የማይችል ሰው ሊያቀርብ ይችላል።

በኮሚቴው ውስጥ የሚሠራበት መፍትሔ ብዙውን ጊዜ ማሳወቅና ራስን ማግለል ነው። አባሉ ግንኙነቱን በጽሑፍ ያስታውቃል፤ የሚመለከተው ዕጩ ሲነሣ ከክፍሉ ይወጣል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ አለመስጠት ብቻ በቂ አይደለም፤ የአባሉ መገኘት በራሱ የሌሎችን አንደበት ያስራል።

አባላት ራሳቸው ሊታጩ ይችላሉ?

ይህ በደንብ አዘጋጆች መካከል ተቃራኒ አቋሞች ያሉበት ጥያቄ ነው። ለብዙ ሰው የሚታየው መልስ “አይችሉም” የሚል ነው፤ ራሱን የሚያጭ ዳኛና ተከራካሪ ይሆናልና። የሮበርት መመሪያ ግን የኮሚቴ አባላት ከመታጨት እንዳይከለከሉ ይመክራል። ምክንያቱ ክልከላው ራሱ መሣሪያ ሊሆን መቻሉ ነው፦ አንድን ጠንካራ ተወዳዳሪ ከውድድር ለማስወጣት የሚፈልግ ቡድን የኮሚቴ አባል አድርጎ ይሾመዋል፣ በክብር ስም ያስቀረዋል።

ሁለቱን ስጋቶች ለማስታረቅ የሚቻለው ምርጫውን ለራሱ ለተሰያሚው በመተው ነው። የመወዳደር ሐሳብ ያለው ሰው ሹመቱን ላለመቀበል መብት ይኖረዋል፤ ከተቀበለ በኋላ ሐሳቡን የለወጠም ኮሚቴው ማመልከቻ መመርመር ከመጀመሩ በፊት እንዲለቅና ተጠባባቂ አባል እንዲተካው ይደረጋል።

የአሠራር ሂደት

ኮሚቴው ሥራውን የሚጀምረው የሚለቀቁትን ቦታዎችና የየቦታውን ኃላፊነት ለአባላት በማስታወቅ ነው። ቀጥሎ ጥቆማ ይሰበስባል። የቀረበው ጥቆማ አንድ ወገን ያመዘነ ከሆነ እስኪመጣለት ሳይጠብቅ ወደ ሌሎች ቅርንጫፎች ይደውላል፣ ያነጋግራል። ከዚያ የተጠቋሚዎችን የሥራ ልምድ መግለጫ፣ የጥቅም ግንኙነት ማስታወቂያና የሙያ ፈቃድ ሁኔታ ይመረምራል። ሁሉም ዕጩዎች በአንድ ዓይነት ጥያቄና መመዘኛ እንዲታዩ ይደረጋል።

ዝርዝሩ ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱ ዕጩ ከተመረጠ ለማገልገል ፈቃደኛ መሆኑ ይረጋገጣል። ይህ ተራ የሚመስል እርምጃ ጉልህ ጥቅም አለው። በስብሰባ መካከል በድንገት የተጠቆመ ሰው በብዙ ዓይን ፊት “አልችልም” ለማለት ይቸገራል፤ በይሉኝታ ይቀበልና ከተመረጠ በኋላ ከሥራው ይርቃል። በግል የተጠየቀ ሰው ግን እውነተኛውን መልስ ይሰጣል።

በመጨረሻም ኮሚቴው ሪፖርቱን ያቀርባል። በሮበርት መመሪያ መሠረት ሪፖርቱ እንደቀረበ የኮሚቴው ሥራ ያበቃል፤ ከምርጫው በፊት አንድ ዕጩ ራሱን ካገለለ ብቻ እንደገና ይሰበሰባል። ከሪፖርቱ በኋላ ከጉባኤው መካከል ተጨማሪ ጥቆማ ይጠየቃል። ይህ የመጨረሻ ዕድል ለኮሚቴው ሥልጣን ልጓም ነው።

የተለያዩ ማኅበራት ልምድ

የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ (የተቋቋመው በ1913 እ.ኤ.አ.) ሁለት ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴዎች አሉት። አንዱ ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትል ፕሬዚዳንትነት፣ ሌላው በዋናነት ለሥራ አመራሩ አካል ያጫል። ኮሌጁ ዕጩው ራሱም ሆነ ሌላ ሰው ስለ እርሱ የኮሚቴ አባላትን ለማግባባት የሚያደርገውን ሙከራ በመጥፎ እንደሚመለከተውና ዕጩነቱን ሊያሰርዝ እንደሚችል ያስታውቃል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ (1930 እ.ኤ.አ.) በአሥር ዲስትሪክቶች የተከፈለ ሲሆን፣ ብሔራዊ ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴው ለተመራጭ ፕሬዚዳንትነት ሁለት ዕጩዎችን አቅርቦ አባላቱ ከሁለቱ አንዱን በድምፅ ይመርጣሉ። በ1844 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር ደግሞ ከኮሚቴው ዕጩዎች ሌላ፣ በቂ የአባላት ፊርማ ያሰባሰበ ሐኪም እንዲወዳደር ይፈቅዳል።

የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በሌላ መንገድ ይሄዳል። በተወካዮች ጉባኤው ለሚሰጡ ከፍተኛ ቦታዎች ሐኪሞች ዕጩነታቸውን ራሳቸው አስታውቀው ይቀሰቅሳሉ። ይህም ዕድሉን ለሁሉም የከፈተ ቢመስልም ቅስቀሳው ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ የራሱ ቅሬታ አስነሥቷል፤ ጉባኤው በ2021 እ.ኤ.አ. የቅስቀሳ ደንቦቹን አሻሽሏል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የሕክምና ሙያ ማኅበራት የሚተዳደሩት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 የተካ ነው። አዋጁ በአባላት የሚቋቋም ማኅበር በጠቅላላ ጉባኤ የበላይነት የሚመራ መሆኑን ይደነግጋል፤ የሙያ ማኅበርንም የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅንና የሙያ ሥነ ምግባርን ማጎልበትን ዓላማው ሊያደርግ የሚችል ድርጅት አድርጎ ይተረጉማል። የዕጩ አቀራረብ ዝርዝር ግን በየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የሚወሰን ነው።

ከነባሮቹ አንዱ መጽሔቱ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ማኅበር በ1989፣ የማኅፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ተቋቁመዋል።

የኮሚቴ አባላትን ስብጥር በኢትዮጵያ ፈታኝ የሚያደርጉ ሁኔታዎች አሉ። ስፔሻሊስቶች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። አንድ ጠባብ ዘርፍ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ አብዛኞቹ በመምህርነትና በተማሪነት ይተዋወቃሉ፤ ጨርሶ ትስስር የሌለው ሰው ማግኘት አዳጋች ነው። እንዲህ ባለው ሁኔታ ትስስርን ማስቀረት ስለማይቻል፣ ትስስሩን በግልጽ ማስታወቅ የበለጠ ክብደት ያገኛል። እንደ ጎንደር፣ ጅማ፣ መቀሌ፣ ሐረማያና ሐዋሳ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ፣ እንዲሁም በወረዳ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞችን በኮሚቴው ማካተት ጥቆማው ከዋና ከተማው እንዲወጣ ይረዳል። ስብሰባውን በኢንተርኔት ማካሄድ የጉዞ ወጪን ያስቀራል። እጅ በማውጣት የሚሰጥ ድምፅ ወጣት ሐኪሞችን በመምህሮቻቸው ፊት ስለሚያስጨንቅ፣ ምሥጢራዊ ድምፅ መስጠት የኮሚቴውን ሥራ ያሟላል።

ትችቶች

በዕጩ አቅራቢ ኮሚቴዎች ላይ የሚሰነዘረው ዋና ትችት አመራሩ ራሱን በራሱ እንዲተካ ያደርጋሉ የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ዕጩ ብቻ ሲቀርብ ምርጫው ወደ ማጽደቅ ይወርዳል። በሌላ በኩል ቢያንስ ሁለት ዕጩ ይቅረብ የሚለው ግዴታም ሁልጊዜ አያድንም፤ ኮሚቴው ከሚፈልገው ሰው ጎን የማሸነፍ ዕድል የሌለውን ሌላ ሰው በማቆም ደንቡን ሊያከብር፣ ዓላማውን ግን ሊያፈርስ ይችላል። በተጨማሪም አንድ ሐኪም ለቅርጽ ሲባል ብቻ መታጨቱን ሲረዳ በሚቀጥለው ጊዜ ፈቃደኛ አይሆንም።

ሁለተኛው ትችት ምሥጢራዊነትን ይመለከታል። የተወያዩባቸው ስሞች መደበቃቸው ተገቢ ቢሆንም፣ መመዘኛዎቹ፣ የአባላቱ ማንነትና የተሰበሰበው ጥቆማ ብዛት የሚደበቅበት ምክንያት የለም።

የደንብ ለውጥ እነዚህን ችግሮች በከፊል ብቻ ይፈታል። ከጉባኤው የሚቀርብ ጥቆማ፣ የአባላት ፊርማና የዘመን ገደብ ኮሚቴው ሲሳሳት ማረሚያ ናቸው። በፊርማ የሚወዳደሩ ዕጩዎች በተደጋጋሚ የኮሚቴውን ዕጩዎች የሚያሸንፉ ከሆነ፣ ይህ ኮሚቴው ከአባላቱ መራቁን ያመለክታል፤ በዚያን ጊዜ የሚመረመረው የዕጩዎቹ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩን ያዘጋጁት አባላት የተሰየሙበት መንገድም ነው።